የማይሰማ ልጅ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ዛሬ ሁለቱንም ልጆች ከትምህርት ቤት አወጣኋቸው።

መልኬ ለምሳ ሲመጣ መዳፎቹ አብጠው ነበር። ጉልበቱ ላይ ጠጠሩ እንደተለጠፈ ደርቋል። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው ዞሮ እህቱን አየ። ሮሆቦት ናት የነገረችኝ። ቲቸር ጥበቡ ሰልፍ ሜዳው ላይ አንበርክኮት፣ ቀጥሎ እጁን በዱላ መታው። ምን አጥፍቶ? «ሲጠራው አቤት አላለም» አለች።

ምሳው ሳይቀርብ ሁለቱንም ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። መምህሩ ወጣት ነው፤ ድምፁ በጩኸት ብዛት ጎርንኗል። «እህቴ፣ ልጅሽ አይሰማም» አለኝ። «ስጠራው እያወቀ ዝም ይለኛል። አንድ ቀን ቢሆን ባልከፋኝ። ሌሎቹ እያዩት ይስቃሉ። ክፍሉ ሙሉ ልጅ ነው፤ አንዱን ካለፍኩት ሁሉም ከእጄ ይወጣሉ።»

ርዕሰ መምህሯ መሃል ገብታ ልታስታርቀን ሞከረች። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። «ከዛሬ ጀምሮ ልጆቼን ራሴ አስተምራቸዋለሁ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ፤ ልጆች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያዩን ነበር።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ባጃጅ እስኪመጣ ቆምን። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። የሆነ ሰው ልጄን መትቶ ዝም ብዬ አልመጣሁም።

ባለቤቴ ደመላሽ ጋ ደወልኩ። የቡና ወቅት ስለሆነ አሪቻ፣ የሚሠራበት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው ያለው፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «እንደመሰለሽ አድርጊ» አለኝ። እንደዚያ ነው የሰማሁት።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩ። የመዝገብ ቤት ኃላፊዬ «ልጅ ቤት ውስጥ ማስተማር የሚባል ነገር አለ እንዴ?» ብላ ሳቀች። አለ አልኳት። በኢንተርኔት አይቻለሁ፣ አዲስ አበባ የሚያደርጉ አሉ።

ሳሎኑን ክፍል አደረግነው። ሶፋውን ወደ ግድግዳ፣ የምግብ ጠረጴዛውን ወደ መስኮት። ጠመኔ ከማዶ ከሙሐሲን ሱቅ ገዛሁ። አንድ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ጥቁር ቀለም ቀብቼ ሰሌዳ ሆነልን። የአባዬን የእንጨት ማስመሪያ ከሻንጣው አወጣሁት። መስመር ለማስመር ነው።

አባዬ ከጎጃም መጥቶ ዲላ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው ነው። እኔንም ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። መምህርነት በደሜ አለ።

አማቴ እማማ አሰገደች ከጓዳ ብቅ ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጅ ከልጅ ጋር ካልዋለ ምን ይሆናል ብለሽ ነው፣ ውዳሴ?» አሉ። ሰሌዳውን አንስቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ጥሩ ሳምንት። በጣም ጥሩ።

መልኬን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ አስነብበዋለሁ። የሁለተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ግማሽ ድረስ ያለ ችግር ሄደ። መደመር፣ መቀነስ፣ ሁሉንም። ስናገር ዓይኑን ከአፌ ላይ አይነቅልም። የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ሲያተኩር አላየሁም። ይህን ልጅ ነው ልቡ ውጭ ነው የሚሉት። ሮሆቦትም አጠገቡ ቁጭ ብላ ታጠናለች፤ አምስት ዓመቷ ነው፤ ገና ፊደል ላይ ናት፤ ግን የምለውን ሁሉ ወደሱ ዞራ ትደግመዋለች። ደስ ይላል።

አንድ መጥፎ ልማድ አለው። አንገቱን ወደ ቀኝ ጠምዘዝ አድርጎ ነው የሚቀመጠው፣ የግራ ጉንጩን ወደ እኔ አድርጎ። ቀጥ በል እያልኩ አስተካክለዋለሁ። ተመልሶ ይጠመዘዛል።

ጥር ላይ ከክፍሉ ልጆች ጋር የመንፈቅ ፈተና እንዲፈተንልኝ ርዕሰ መምህሯን እለምናለሁ። አንደኛ ይወጣል። ከዚያ እናያለን።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ቃል ጽሕፈት ሰጠሁ። አባዬ እንደሚያደርገው መጽሐፉን ይዤ ከኋላቸው እየተመላለስኩ። ቃሉን ሁለት ጊዜ እላለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። ሮሆቦት የቻለችውን ፊደል ታስቀምጣለች።

መልኬ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ጻፈ። እሱንም ቁጭ ብዬ ሳለሁ ያልኩት ነው። ከዚያ እርሳሱን ይዞ እህቱን ማየት። እሷ አፏን ታንቀሳቅስለታለች። የተረፉትን በሙሉ ከሷ አፍ ለቅሞ ጻፋቸው።

ከአምስት ዓመት ሕፃን የሚገለብጥ ልጅ። አፈርኩ። እጁን በማስመሪያው ነካ አደረግኩት፣ ብዙ አይደለም።

ከዛሬ ጀምሮ ለያይቼ አስቀምጣቸዋለሁ። ሮሂ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ግድግዳው ትቀመጣለች። እንደዚህ ካላደረግሁ በራሱ መቆም አይለምድም።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ዝናብ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቤቱ ውስጥ መነጋገር አይቻልም። መልኬ አንድም ጥያቄ አልመለሰም። እኔን ሳይሆን የሚፈሰውን ውሃ ነው የሚያየው።

የትራስ ልብሱ ላይ ቢጫ እድፍ አገኘሁ፤ ሽታ አለው። እማማ አሰገደች «ለሃጩ ነው፣ አባቱም እንደዚሁ ነበር» አሉ። አጠብኩት። በረኪና አላስለቀቀውም።

ሲያጠና ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቶ ይጎረጉራል። ያስጠላል። ሲያደርግ ባየሁት ቁጥር ቸብ አደርገዋለሁ።

ሮሂ እራት ላይ፣ «ትምህርት ቤት የምንመለሰው መቼ ነው?» አለች። ትምህርት ቤታችሁ ይሄው አልኳት።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

መብራት ጠፋ። ማባዛት ጀምረን ነበር፤ ሁለት በሁለት፣ ሁለት በሦስት እያልን ቆንጆ እየሄድን። ሲጨልም ጥያቄውን ቀጠልኩ። ዝም። ደገምኩ። ዝም። ሻማ እስክለኩስ ቃል አልወጣውም። ብርሃኑ ሲመጣ ያንኑ ጥያቄ ብጠይቀው ወዲያው መለሰ።

ጨለማ ይፈራል ማለት ነው። ወይም ሊያበሽቀኝ ነው። የቱ እንደሆነ አላውቅም። ደክሞኛል።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንዲት ሴት መጣች። ጎረቤት ጠቁሟታል። ትሑት ናት፤ ሻይም ጠጣች። «በቤት መማር ለሚባለው እኛ ጋ አሠራር የለም፣ እህቴ» አለች። «ልጁ የት ተመዝግቦ ነው ከክፍል ክፍል የሚያልፈው?» ጥር ላይ ይፈተናል አልኳት። ካለፈስ? ካለፈ እናያለን።

መልኬን ጠርታ ስሙን ጠየቀችው። ከጎን ሆና ነበር፤ ቦርሳዋን እየዘጋች። ዝም አላት። ፈገግ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ያቺ ፈገግታ እስካሁን ፊቴ ላይ አለች።

ከሄደች በኋላ ማስመሪያውን ተጠቀምኩ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ደመላሽ ትናንት ከአሪቻ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል፤ ልብሱ ሁሉ የቡና ገለፈት ይሸታል። መልኬ ከሞተሩ አልወርድም ብሎ ዋለ። ሁለቱ ግቢ ውስጥ ሞተሩን ሲያጥቡ ከመስኮት አየኋቸው። ምንም አይነጋገሩም። አባቱ እጁን ሲዘረጋ መልኬ ጨርቁን ያቀብለዋል፣ ሲጠቁመው ውሃ ይደፋል። ሲስቅ ሰማሁት። ከእኔ ጋር እንዲህ ስቆ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ጓዳ ውስጥ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ልሰማ ብዬ አይደለም፤ ውሃ ልቀዳ ስገባ ነው።

«ስታስተምረው ድምጿ ሙሐሲን ሱቅ ድረስ ይሰማል» አሉ እማማ። «ልጁ ስትገባ ይነሳል፣ ስትነሳ ይደነግጣል። ትንሿም እንደሱ ሆናለች።»

«እናገራታለሁ» አለ ደመላሽ።

ተናገረኝም። «እባክሽ አትጩኺበት። ካልሆነ ሌላ ትምህርት ቤት እንፈልግ፤ ወናጎም ቢሆን ከእህቴ ጋር ያድራል።» አሪቻ ተቀምጦ ማዘዝ ቀላል ነው አልኩት። ቤት የቀረሁት እኔ። ሥራዬን ያቆምኩት እኔ። ሁሉም የሚያወራብኝ እኔ። እሱ ሞተሩን ሊያዘጋጅ ወጣ። ማታውኑ ተመለሰ፤ መልኬ በር ላይ ቆሞ ሞተሩ እስኪጠፋ አየው።

ድምፄ ያን ያህል ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ነገር ግን ካልጮኽኩ እኮ አይሰማኝም። ዝቅ ሳደርግ ጭራሽ የሌለሁ ያህል ነው የሚያደርገኝ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ሳልጮህ ለመዋል ሞከርኩ። እስከ ረፋድ ቻልኩ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ አልጽፍም።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ትናንት ቃል ጽሕፈት ነበር። ከኋላው ሆኜ ዘጠኝ ቃል አነበብኩ፤ ባዶ ወረቀት። እርሳሱን ይዞ መስኮቱን ያያል። ዞሬ ፊት ለፊቱ መጣሁ፤ እዚያው እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ፈገግ አለብኝ። እጄ ሄደ። ጥፊ ነው፣ በግራ በኩል፣ ጉንጩና ጆሮው ላይ።

አላለቀሰም። እህቱን ፈለገ። ሮሂ ወደ ግድግዳው ዞራ ስለነበር አላየችውም፤ ግን ሰምታለች መሰለኝ፣ ሱሪዋን አርጥባለች። ይሄን ካቆመች ስንት ጊዜዋ። ውሃ አብዝታ ጠጥታ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን አቆምኩ። ዳቦ በማር ሰጠኋቸው። መልኬ አልበላም። ማታ ደረቱ ላይ ቀስ ብዬ እጄን ሳሳርፍ ሰውነቱ ደረቀ።

ዛሬ ትራሱ ላይ ደም አለ። ትንሽ ነው። እማማ አሰገደች አዩት። «ከአፍንጫው ነው» አልኳቸው። ትራሱን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ወስደው አጠቡት።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ይሄን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ከሰዓት በኋላ ሙሐሲን ሱቁን ትቶ በራችን ድረስ መጣ። መልኬን በእጁ ይዞታል፤ ብስኩት ልኬው ነበር። የሙሐሲን ፊት አመድ መስሏል።

«ሞተር ሊገጨው ነበር» አለኝ። «ከሱቁ ሲወጣ። ሰውዬው ክላክሱን ደጋግሞ ነፋ፣ እኔም ጮኽኩ፣ መንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ጮኸ። አልዞረም። በሸሚዙ ጎትቼ ነው ያወጣሁት።»

«አይሰማም እኮ» አልኩት። «ምን ላድርገው? ከትምህርት ቤትም ያጣላን ይሄው ጠባዩ ነው።»

ሙሐሲን የመልኬን እጅ ለቀቀ። «እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። እንደሱ ማለቴ አይደለም።» ጣቱን ጆሮው ላይ አደረገ። «ይሰማል ወይ?»

አመስግኜ በሩን ዘጋሁ። ተናድጄ ነበር። ልጄን ደንቆሮ ሊያደርግብኝ ነው ብዬ ነው የገባሁት።

መልኬ ጠረጴዛው ላይ ሞተር ሳይክል ይስል ነበር፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ። ከኋላው ቆምኩ። «መልኬ» አልኩ። እርሳሱ አልቆመም። «መልከጼዴቅ።» ሙሉ ስሙን ስጠራ ቅጣት እንደሚመጣ ያውቃል። እርሳሱ አልቆመም። ጠጋ አልኩ፤ እጄን ብዘረጋ ማጅራቱ ላይ እስኪደርስ።

«አባትህ መጣ» አልኩ።

ሮሂ ከጓዳ በሩጫ ወጥታ ወደ በሩ ሄደች። እሱ እህቱ ስትሮጥ አየና ነው ቀና ያለው። በሩን አየ፣ እኔን አየ። ከኋላው መቆሜን ያኔ ነው ያወቀው፤ ሁለት እጁን ወደ ጆሮው አነሳ።

ሮሂን ጓዳ ወሰድኳት። «ወንድምሽ አይሰማም እንዴ?» አልኳት።

«እኔ እነግረው ነበር እኮ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ይህ አልገባትም። ለሷ ሁልጊዜ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ለየሽን» አለችና ማልቀስ ጀመረች። «ወደ ግድግዳው ዙሪ አልሽኝ።»

ትምህርት ቤት ሲጠሩት አቤት ያላለው። ዝናቡ። የጠፋው መብራት። ከጎን ስሙን የጠየቀችው ሴት። ቃል ጽሕፈቱ። በየቀኑ አጠገቤ ነበር፤ በየቀኑ አፌን ሲያይ አየሁት፤ ጎበዝ ተማሪ ነው ብዬ ጻፍኩ።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ሆስፒታል። ከእማማ አሰገደች ጋር ነው የሄድነው። ብዙ ሰው ነበር፤ ከወረዳ የመጡ፣ የታመመ የተሸከሙ፣ በጌዴኦኛ የሚያለቅሱ። መልኬ መሃላቸው ቁጭ ብሎ እግሩን ያወዛውዛል፤ ከሁሉም ጸጥ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ይመስላል።

ሐኪሟ ወጣት ናት። በመብራት ሁለቱንም ጆሮውን አየች፤ ጥጥ ከትታ አወጣች፤ እንደገና አየች።

«የቀኙ ታምቡር ከተበሳ ቆይቷል» አለች። «ዓመታትም ሊሆን ይችላል። መግል ሲፈስ አላያችሁም?» ለሃጭ መስሎን ነበር አልኩ። «እስካሁን ሲሰማ የነበረው በግራው ነው። እሱም ሙሉ አይደለም። ሰው ፊት ለፊት ሲያወራው ከአፍ እያየ ነው የሚረዳው፤ ጎበዝ ልጅ ነው።» ከዚያ የግራውን እንደገና አየች። «ይሄ ግን አዲስ ነው። ቅርብ ጊዜ የተቀደደ ነው፣ ጠርዙ ላይ ደም አለ።»

ብዕሯን አንስታ ጠየቀችኝ። «ጆሮው አካባቢ ተመትቶ ያውቃል?»

«ትምህርት ቤት መምህሩ ይመታው ነበር» አልኩ።

ጻፈችው።

እማማ አሰገደች አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። መሬት መሬቱን ያያሉ። ሻርፓቸውን ወደ አገጫቸው ሳብ አደረጉ።

መድኃኒት ሰጡን። ውሃ እንዳይነካው፣ ጆሮው ከደረቀ በኋላ ለቀኙ ሐዋሳ ይታያል፤ ምናልባት ቀዶ ሕክምና። የግራው ቀዳዳ ትንሽ ቢሆን ኖሮ በራሱ ይደፈን ነበር፤ አሁን ቁስሉ መግሏል፤ ተስፋውን መናገር አልችልም አለች።

መልኬ ባጃጁ ውስጥ እጁን ጭኔ ላይ አደረገ። ስለለመደ ነው። እኔ አልነካሁትም።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ትምህርት የለም። የጆሮ ጠብታውን ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት፣ ማታ። ስቀርበው ዓይኑን ይጨፍናል። እማማ ናቸው የሚያደርጉለት።

መምህሩ እኮ መትቶታል። ያልመታውን መታ አላልኩም። አንበርክኮታል፣ እጁን አሳብጧል። ለሐኪሟ የነገርኳት ውሸት አይደለም።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ደመላሽ ሥራውን ትቶ መጣ። የሐኪሟን ወረቀት ደጋግሞ አነበበው። ንዴቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጣጠፈው።

«ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ» አለ። «ከዚያ ትምህርት ቤቱ። ይሄ መምህር ሌላ ልጅ ፊት መቆም የለበትም።»

«ተረጋጋ» አልኩት።

እማማ አሰገደች ከተቀመጡበት ተነሡ። በአጠገቤ ሲያልፉ፣ «ያ ደግሞ የሰው ልጅ ነው፣ ውዳሴ» አሉኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። አሁን ሌሊት ነው፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ደመላሽ ልብሱን ለብሶ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩበት።

አትሂድ አልኩት። መምህሩ የመታው እጁን ነው፤ ጆሮውን አልነካውም።

«ታዲያ ማነው የነካው?»

ነገርኩት።

በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። ጃኬቱን አወለቀና ወንበሩ ላይ ሰቀለው። «ስንት ጊዜ?» አለ። ጥፊው አንድ ነው አልኩ። «ጥፊው» አለ። ሌላውን አልጠየቀም። ወጥቶ ግቢው ውስጥ ሞተሩ ላይ ተቀመጠ፤ አላስነሣውም። ፀሐዩ እስኪከር እዚያው ነበር።

ማታ እናቱ ክፍል ተኛ። ልጆቹም እዚያው።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ነገ ሁለቱም ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ደመላሽ ነው የሚወስዳቸው። አሪቻ ለጥቂት ጊዜ በቦታው ሰው ተክቷል። ከእኔ ጋር ስለ ሥራ፣ ስለ መድኃኒት ይነጋገራል። ስለ ሌላው ገና ነው፤ ይምጣ አይምጣ አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል ተመልሼ ለሐኪሟ እውነቱን ነገርኳት። የጻፈችውን ሰርዛ ሌላ ጻፈች። ፊቷን አላየሁትም። የግራው ጆሮ መግሉ ቀንሷል፤ ግን የተቀደደው አልገጠመም። የቀኙን ሐዋሳ ከገና በኋላ ያዩታል። አሁን በቅርብ ፊት ለፊት ጮክ ተብሎ ካልሆነ አይሰማም። የራሱም ንግግር ጮክ ማለት ጀምሯል።

ከዚያው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። በእረፍት ሰዓት መምህር ጥበቡን ክፍሉ ውስጥ አገኘሁት። ስነግረው የልጆች ዴስክ ላይ ቁጭ አለ።

«ሲጠሩት የማይዞረው ለዚያ ነዋ» አለ። ቆይቶ፣ «አንበርክኬዋለሁ እኮ» አለ። ደግሞ ቆይቶ፣ «ታምቡሩን የቀደድኩት እኔ ነኝ?»

«አይደለም» አልኩት። «እኔ ነኝ።»

አላጽናናኝም፣ አልወቀሰኝምም። ከፊት፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ አለ፤ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ሳለሁ አላወራም፤ ጎበዝ ልጅ አጠገቡ አደርግለታለሁ። ስወጣ ዱላው ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ አየሁት። ስለሱ አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

ዛሬ እራት ላይ ነው ደመላሽ መልኬን የጠየቀው። ወንበሩን ስቦ ትክክል ፊቱ ላይ ተቀመጠ፤ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል አወራው።

«ነገ ትምህርት ቤት ነው። አልፈልግም ካልክ ትቀራለህ። ማንም አይቆጣህም። እዚሁ ቤት መማርም ትችላለህ።»

«ትምህርት ቤት» አለ መልኬ። ድምፁ ቤቱን ሞላው።

«ቲቸር ጥበቡ ይመታህ አልነበረም እንዴ? አትፈራም?»

«እፈራለሁ» አለ። እንጀራውን እንደያዘ አሰበ። «ግን እዚያ ሲመቱኝ ቤት እመጣለሁ።»

ሮሂ ወደሱ ዞራ እንደ ልማዷ ቃሉን ልትደግምለት ከንፈሯን ከፈተች፤ የተናገረው እሱ መሆኑ ትዝ ሲላት ዝም አለች። መልኬ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። እርቦት ነበር፤ ያለውን ሁሉ በላ።

ዩኒፎርማቸውን ተኩሼ ወንበሩ ላይ አድርጌያለሁ።